ጨው ከመበደር ይጀምሩ

እናቴን ከአሮጌው ሰፈራችን አንሥተን ኮንዶሚኒየም ባስገባናት በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እንደ ልማዷ ቡና ቆላች። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቄጤማ ጎዘጎዘች፤ ረከቦቱ ላይ ዘጠኝ ስኒ ደረደረች። ያን ዕለት ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ጀበናው ሲወርድ "በል እስኪ ጥራቸው" አለችኝ። ማንን ልጥራ? ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። አምስት የብረት በር፣ አምስቱም ዝግ። ከአንዱ ቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፤ ከሌላው የሕፃን ለቅሶ። የአንዳቸውንም ስም አላውቅም። ተመልሼ "ሰው የለም" አልኳት። እናቴ ሰባቱን ስኒ አንድ በአንድ አንሥታ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች። አቦሉን ጠጣን፤ ቶና አልፈላም።

ሰው ግን ነበረ። የጠፋን መጥሪያው ነው። በአሮጌው ሰፈር ቦኖው የጋራ፣ መጸዳጃው የጋራ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ እንኳ የሦስት ቤት ስለነበር ሰው ሳይፈልግም ይተዋወቅ ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃውም መጸዳጃውም በየቤቱ ነው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ወደ ቦኖ ሰልፍ ልመለስ የሚል የለም። ነገር ግን ያ ሁሉ ጣጣ ሳናውቀው ያስተዋውቀን ኖሯል። ጣጣው ሲቀር መተዋወቁ የእኛ ሥራ ሆነ።

የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ ስንቱ ቤተሰብ ከመሐል አዲስ አበባ ተነሥቶ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ገብቷል። አንዱ ዕጣ ወጥቶለት፣ አንዱ ለልማት ተነሥቶ፣ አንዱ ተከራይቶ። ከነዚህ አንዱ ከሆኑ የሚከተለው ለእርስዎ ነው። እኛ ሁለት ዓመት የፈጀብንን እርስዎ በጥቂት ወር ይጨርሱታል ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ፦ ባዶ እጅዎን ያንኳኩ

በድሮው ልማድ አዲስ ገቢን የሚጎበኘው ነባሩ ነው፤ ዳቦ ወይም እንጀራ ይዞ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ይላል። እዚህ ይህን አይጠብቁ። ሁሉም አዲስ ገቢ ስለሆነ፣ ሁሉም የሚቀበለውን ነባር እየጠበቀ ቁጭ ብሏል። በገቡ በሳምንቱ እርስዎ ይነሡ።

ባዶ እጅዎን ይሂዱ ስል የሚቆጡኝ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ የማይታወቅ ሰው ስጦታ ይዞ ሲመጣ ደስ ቢልም ያሳስባል፤ "ምን ፈልጎ ይሆን?"፣ "በምን እመልሳለሁ?" ያሰኛል። ጨው ሊበደር የመጣ ሰው ግን የቤቱን ባለቤት ሰጪ ያደርገዋል፤ ሰው ደግሞ የሰጠውን ሰው ቶሎ አይረሳም። ስለዚህ ትንሽ ነገር ይለምኑ። ጨው፣ ክብሪት፣ መዶሻ፣ መሰላል። የሚያስፈልግዎ ዕቃ ባይኖር እንኳ የሚጠየቅ አይጠፋም፤ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ቆሻሻ የሚያነሡት መቼ እንደሆነ፣ የታመነ ቧንቧ ሠራተኛ የት እንደሚገኝ።

አባባሉም አጭር ይሁን። "ጤና ይስጥልኝ፣ ከላይ ካለው ፎቅ አዲስ የገባን ነን። እናቴ ወጥ ጥዳ ጨው አጣች፤ ትንሽ ያበድሩን?" ስምዎን ይንገሯቸው፣ ስማቸውን ይጠይቁ፤ ቤትዎ እንደተመለሱ ስሙን ከበሩ ቁጥር ጋር ስልክዎ ላይ ይጻፉት። ሰዓቱ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቢሆን ይመረጣል፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ማንኳኳት ሰው ያስደነግጣል። ወንድ ከሆኑና በሩን ሴት ብቻዋን ከከፈተችልዎ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው እዚያው ቆመው ይነጋገሩ። "ይግቡ" ቢባሉም የመጀመሪያውን ቀን አይግቡ።

በማግስቱ ጨዉን ይመልሱ፤ ሰሃኑን ግን ባዶውን አይመልሱት። ቁራሽ ድፎ፣ እፍኝ ቆሎ፣ ሁለት ሎሚ ይበቃል። ስጦታው አሁን ቦታውን አገኘ። እነሱም ቢሆኑ የእርስዎን ሰሃን ባዶ አይመልሱም። ከሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ጋር አንዲት ሰማያዊ ሰሃን አራት ወር ያህል ስትመላለስ ከረመች፤ ዛሬ የማን እንደነበረች እኛም እነሱም አናውቅም።

ቀጥሎ፦ በእግርዎ ይታዩ

ከታክሲ ወርዶ ቀጥታ ቤት መግባት፣ ዕቃ ሁሉ ከመሐል ከተማ ሸምቶ መምጣት፣ ይህን ለጥቂት ወር ይተዉት። ሽንኩርቱን ከግቢው በር ከምትቸረችረው ሴት፣ ሳሙናውን ከታች ካለው ሱቅ ይግዙ። ብር ሁለት ብር ይወደድ ይሆናል። ዘበኛውን በስሙ ጠርተው ሰላም ይበሉት፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ልጅ ማትሪክ እንደሚፈተን መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው። ደረጃ የምታጸዳዋ ሴት ደግሞ የትኛው በር ለሦስት ቀን እንዳልተከፈተ ታውቃለች።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰልዎ። በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ከባድ ሙቀት ሆኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከወትሮው በ739 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ዘግተው ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ነበሩ። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሁለት አጎራባች ሰፈሮችን፣ ሰሜን ላውንዴልንና ደቡብ ላውንዴልን አነጻጸረ። በድህነትም፣ ብቻቸውን በሚኖሩ አዛውንቶች ብዛትም ይመሳሰላሉ፤ የሟቹ ቁጥር ግን በሰሜኑ እጅግ በዛ። የደቡቡ ጎዳና ሱቅና ገበያ የሞላበት፣ እግረኛ የማይጠፋበት ነበር፤ ሽማግሌውም አሮጊቷም ይወጣሉ። በሰሜኑ ሱቁ ተዘግቷል፣ ቤቱ ወና ሆኗል፣ ሰዉም መውጣት ይፈራል። በየቀኑ የሚወጣ ሰው በቀረ ቀን "ምነው ቀሩ?" ይባላል። የማይወጣውን ግን ማን ይፈልገዋል?

ቡናው

ሁለት ሦስት ስም ከያዙ በኋላ ቡና ይጥሩ። ቀን ይቁረጡለት፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እንደማለት፣ ቤቱም ተራ በተራ። ቀን የተቆረጠለት ቡና መጥሪያ አያስፈልገውም፤ ሰው ራሱን ያመቻቻል። ለመጀመሪያው ቀን ግን ልጅ ይላኩ። "እማማ ቡና ጠጡ ብላለች" ያለ ሕፃን ፊት እምቢ ማለት ይከብዳል።

ሦስት ቤት ብቻ ይጥሩ። ከዚያ ከበዛ ድግስ ይሆናል፣ ድግስ ደግሞ ተራ ያስፈራል። የቡና ቁርሱም ቆሎ ይሁን። ቆሎ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ለሁሉም ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ጠሪም አያስጨንቅም። አንዲት ጎረቤታችን በመጀመሪያ ተራዋ ኬክ፣ ሳምቡሳ፣ ለስላሳ ደርድራ ጠበቀችን። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የነበረው ቤት "አመመኝ" ብሎ ቀረ። ገንዘብ አጥተው እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቆሎና ከዳቦ ሌላ እንዳይቀርብ ተነጋገርን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በከሰል የሚያፈሉ ከሆነ በርና መስኮት ይክፈቱ፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። የተከፈተው በር ሌላም ይጠቅማል። የሚቆላ ቡና ሽታ በደረጃው ሽቅብም ቁልቁልም ይሄዳል። እናቴ ሳትጠራት የመጣችው የመጀመሪያዋ ሰው፣ ያቺ ሕፃኗ የሚያለቅስባት ወጣት እናት ነበረች። "ሽታው አስነሣኝ" ብላ በሩ ላይ ቆመች። ልጁን ተቀብለናት ሦስት ስኒ ሙሉ ሁለት እጇን ነፃ አድርጋ ጠጣች። ከወለደች ጀምሮ እንዲህ ተቀምጣ እንደማታውቅ ነገረችን።

ዕድር፦ ሳይቸግር የሚገባበት

አብዛኛው ሰው ዕድር የሚያስታውሰው ሞት ሲመጣ ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን። ወደ አዲሱ ሰፈር በገባን በዓመቱ ከእኛ ጋር ትኖር የነበረች አክስቴ አረፈች። የአሮጌው ሰፈር ዕድር ታማኝ ነበር፤ መኪና ተከራይቶ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን ጭኖ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ መጣ። የደረሰው ግን እኩለ ቀን ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ለቀስተኛው የት ተቀመጠ? ሁለተኛ ፎቅ ያሉ አንድ አዛውንት የብሎካችንን ዕድር ዳኛ ቀስቅሰው፣ አባል ላልሆንነው ለእኛ አርባ ወንበር አስፈቅደው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አወረዱ። እኒህን ሰው የማውቃቸው ደረጃ ላይ "እንደምን አደሩ" በመባባል ብቻ ነው። በሳምንቱ ሄደን ተመዘገብን።

እርስዎ ያንን ቀን አይጠብቁ። በሦስተኛው ወር ገደማ ዘበኛውን ወይም የቡና ጓደኞችዎን "ዕድሩ የት ነው የሚሰበሰበው?" ብለው ይጠይቁ። በአንድ ግቢ የብሎኩ፣ የሳይቱ፣ የሴቶች፣ የሰንበቴ ወይም የጀምዓ፣ ብዙ ዓይነት ሊኖር ይችላል። ለለቅሶ ቀን የሚጠቅመው ድንኳኑ ከደጅዎ የሚተከለው ነውና መጀመሪያ ቅርቡን ይያዙ። ከመመዝገብዎ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን በጽሑፍ ይጠይቁና ቁጭ ብለው ያንብቡት። መመዝገቢያው ስንት ነው? አዲስ አባል ከወርሃዊ መዋጮው ሌላ ነባሮቹ ካፈሩት ንብረት ድርሻው ታስቦ እንዲከፍል የሚያደርጉ ዕድሮች ብዙ ናቸው፤ ቅር አይበልዎ፣ ወንበሩ ከሰማይ አልወረደም። ከተመዘገቡ በኋላ ድጋፉ ከስንት ወር በኋላ ነው የሚጀምረው? ይህ የመቆያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ የአሮጌውን ሰፈር ዕድር አይልቀቁ። ገንዘቡ ባንክ ነው ወይስ በሰው እጅ? በስንት ሰው ፊርማ ይወጣል? በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳብ ይመረመራል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደህና ጸሐፊ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ከሁሉ በላይ የቤተሰብ ዝርዝሩን በጥንቃቄ ይሙሉ። የእርስዎና የባለቤትዎ ወላጆች፣ ገጠር ያሉትም ጭምር፣ በሙሉ ስም ይግቡ። ልጅ በወለዱ ቁጥር ያስመዝግቡ። በሐዘን ቀን "ስሙ መዝገብ ላይ የለም" ከመባል የሚከፋ ነገር አላየሁም።

ከዚያ ደግሞ ይገኙ። ዕድር ከፍሎ መቅረት ለአንዳንዱ ይመቸዋል፤ ቅጣቱን በባንክ ልኮ ይገላገላል። እንዲህ ያለ ሰው ድንኳኑ ይተከልለታል፤ ድንኳኑን የሚሞላለት ሰው ግን አይኖረውም። የማያውቁት ሰው ለቅሶ ላይ ሄደው ውሃ ያቅርቡ፣ ንፍሮ ያዙሩ፣ አንድ ምሽት አብረው ያምሹ። በሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ በሦስት ዓመት ደረጃ ላይ ሰላምታ ከሚያውቁት የበለጠ ሰው ያውቃሉ።

"ተከራይ ነኝ፣ ነገ እለቃለሁ" የሚሉ አሉ። ሰው ሲታመም ባለቤት ተከራይ ብሎ አይመርጥም። ዕድሩ ተከራይ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የማይቀበል ከሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ ደንቡ እንዲሻሻል የሚናገርልዎ ባለቤት ጎረቤት ይፈልጉ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን በሰው አገር ሆነው እንኳ ዕድር አቋቁመዋል።

በግቢዎ ዕድር ከሌለ ሃያ ቤት ለመጀመር ይበቃል። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይምረጡ፤ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ፤ ስለ ምዝገባው ወረዳውን ይጠይቁ። ድንኳን ለመግዛት አይጣደፉ፣ ለመጀመሪያው ዓመት መከራየት ይቻላል። ደንቡ ላይ ከቀብር ሌላ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ሕመምተኛ መጠየቅ። ኤችአይቪ በየቤቱ በገባበት ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ቀባሪ ብቻ መሆናቸው በቅቷቸው አስታማሚ ሆኑ፣ ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናትም ረዱ። ሰው ከሞተ በኋላ የሚሰበሰበው ገንዘብ፣ በቁሙ ቢደርስለት ምን ነበረበት ያሉ ሰዎች ነበሩ ያንን ያደረጉት።

ሽማግሌው፣ ሕፃኑ

ሕፃናትን ስመለከት እምብዛም አልሰጋም። ኳስ ይዘው ከመኪና ማቆሚያው ከወጡ በሳምንት ውስጥ የግቢውን ልጅ ሁሉ ያውቃሉ። የእርስዎ ድርሻ ሁለት ነገር ነው፦ ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ሰው በተራ እንዲጠብቃቸው ከወላጆች ጋር መነጋገር፣ የቡሄና የእንቁጣጣሽ ቀን ደግሞ በር መክፈት። ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች የሚዞሩበትና በሩ የተዘጋበት ኮሪደር ያሳዝነኛል። ለወጣቶቹ ሥራ ይስጧቸው፤ የዕድሩን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ የብሎኩን የቴሌግራም ግሩፕ መያዝ። ምክር ሲበዛባቸው ይሸሻሉ፤ ኃላፊነት ሲሰጣቸው ግን ይቀመጣሉ።

የሚያሳስበኝ አዛውንቱ ነው። አሳንሰር በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ላይ ጉልበቱ ለደከመ ሰው ደረጃው እስር ቤት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 148 ጥናቶችንና ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ለእናቴና ለሌሎቹ አዛውንቶች ያደረግነው ይህ ነው። በየፎቁ የደረጃ ማረፊያ ላይ መተላለፊያ በማይዘጋበት ጥግ አንድ አንድ ዱካ እንዲቀመጥ የብሎኩን ኮሚቴ ጠየቅን፤ አሁን እያረፈች ትወርዳለች። ብቻቸውን የሚያድሩ አራት አዛውንቶች ስም ተጻፈና ለየአንዳንዳቸው ጠዋት "እንዴት አደሩ?" የሚል ጎረቤት ተመደበ፤ አንኳክቶ መልስ ካላገኘ የሚደውልበት የልጅ ስልክም አብሮ ተያዘ። መለዋወጫ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀመጥ አዛውንቱ ራሳቸው ይምረጡ።

ሌላው ደግሞ አዛውንት እንዲጠየቁ ብቻ አያድርጓቸው፤ ጠያቂም ይሁኑ። ጎረቤት በውሃ መፍሰስ ወይም በሙዚቃ ድምፅ ሲጣላ ሽማግሌ ሆነው እንዲቀመጡ ይለምኗቸው። እናቴ አራስ የመጠየቅ ተራ ውስጥ ከገባች ወዲህ ስለ ጉልበቷ የምታወራው ቀንሷል።

ስለ ገበና

ጎረቤት ባወቀ ቁጥር ገበና ይወጣል የሚለው ፍርሃት እውነት አለው። በስስ ግድግዳ ውስጥ ብዙ ይሰማል። የሰሙትን እዚያው ይተዉት፤ ቡና ላይ የሌላ ቤት ወሬ ሲነሣ ወደ ልጆች ትምህርት ያዙሩት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያዞሩት ሰዉ ጠባይዎን ይለምዳል። ዱላና የድረሱልኝ ጩኸት ከሰሙ ግን እሱ ገበና አይደለም፤ ያንኳኩ፣ ሰው ይጥሩ። በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ገንዘብ አያበድሩ፣ አይበደሩ። ዕቁብም ቢሆን ሰው ለይተው ካወቁ በኋላ ይግቡ።

በዓል ሲደርስ

እዚህ ከደረሱ ቅርጫ ያዘጋጁ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወረቀት ይዘው በየበሩ ይዙሩና የሚገባውን ሰው ይመዝግቡ፤ ቀብድ ይቀበሉ፤ በሬ የሚያውቅ ሁለት ሰው ገበያ ይላኩ። በብዙ ግቢዎች ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብለው የተሠሩ የጋራ ሕንጻዎች አሉ፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ። አቅም ያነሰው ሁለት ቤት ሆኖ አንድ መደብ ይውሰድ፤ ይህን እርስዎ ቀድመው ይናገሩት፣ እሱ እንዳያፍር።

ባለፈው ፋሲካ እኛ አሥራ ስድስት ቤት ነበርን። ሥጋው በአሥራ ስድስት መደብ ተደልድሎ ዕጣ ሊጣል ሆነ፤ ሰው ሁሉ የቤቱን ቁልፍ ዕጣ አድርጎ ሰጠ። ያንን ድሮ የሚያለቅሰውን፣ አሁን አምስት ዓመት የሆነውን ልጅ "በል፣ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ቁልፍ አድርግ" አልነው። ልጁ ቁልፎቹን በእፍኙ ይዞ አያቸውና "ይሄ የእማማ ነው፣ ይሄ የጋሼ፣ ይሄ ቀይ ክር ያለው የእትዬ…" እያለ አሥራ ስድስቱንም ለየ። ሁሉንም ካወቀ ዕጣ አይሆንም። ከሌላ ብሎክ የማያውቀን ልጅ ልናስመጣ ሰው ላክን።